‹ቢያድግልኝ› ያለችው ማን ናት?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

27 ዓመቴ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት አባቴ ዲቪ ደርሶት ቤተሰቡ በሙሉ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጣን። አሁን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እማራለሁ።

የቸገረኝ የስሜ ነገር ነው። የራሴን ስም እወደዋለሁ። የአባቴም ስም አጭርና ቀላል ነው። ጉዱ ያለው አያቴ ጋ ነው። ቢያድግልኝ ይባላል። እዚህ አገር የአያት ስም ‹ላስት ኔም› ስለሚሆን ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በሱ ነው፤ መጥራት ከቻለ ማለቴ ነው። ሐኪም ቤት ተራዬ ሲደርስ ነርሷ ወረቀቷን አይታ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እኔ መሆኔን ስለማውቅ ሳልጠራ እነሣለሁ። ሥራ ቦታ ‹ሚስ ቢ› ነኝ። ቡና ስገዛ ደግሞ ሳራ ነኝ። በዚያ ላይ የእኔ ግሪን ካርድ ላይ ስሙ አንድ ዓይነት፣ የወንድሜ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። አንድ ጊዜ የጋራ ጉዳይ ልናስፈጽም ሄደን እህትና ወንድም መሆናችንን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን።

አዲስ አበባ እያለሁም ይህ ስም ደህና ቀን አላሳየኝም። ቁመቴ አጭር ነው። አስተማሪ ስም እስከ አያት ሲጠራ ከኋላ ያሉት ልጆች ‹‹ቢያድግልኝ… አላደገም እንዴ?›› ይሉና ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ዘንድሮ የዜግነት ማመልከቻ ልሞላ ተቀመጥኩ። ቅጹ ውስጥ ስምሽን መቀየር ትፈልጊያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እውነቴን ነው፣ ሳየው ልቤ ዘለለ። የአባቴን ስም ላስት ኔም ላደርገው ወሰንኩ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ የመረጥኩት እኮ የሱን ስም ነው! እሁድ ቡና ላይ ነገርኩት። ስኒውን አስቀመጠ። ‹‹የአባቴን ስም አሜሪካ ድረስ ያመጣሁት አንቺ እንድትጥዪው ነው?›› ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አናወራም። እናቴ ‹‹ተዪው፣ ይበርድለታል›› ትለኛለች። ወንድሜ ‹‹በስምሽ ማን ምን አገባው?›› ይላል።

ስለ ስሙ ኢንተርኔት ላይም ፈልጌ ነበር። አንዱ ገጽ ‹እጅግ ብርቅ ስም› ይላል፣ በቃ። ሌላው ትርጉሙን አያውቀውም፤ ግን ከሥሩ የ‹ቢያድግልኝ ቤተሰብ አርማ› ያለበት ኩባያ ይሸጣል። ጋሻ የያዘ አንበሳ! አያቴን አላየሁትም። አባቴ ልጅ እያለ ነው የሞተው። አባቴም ስለሱ አንሥቶ አያወራም። የአያቴ ታናሽ እህት ደብረ ማርቆስ አሉ፤ በጣም አርጅተዋል። በበዓል እንኳን አደረሳችሁ ከመባባል በቀር ከሳቸውም ጋር አውርተን አናውቅም።

ይህ ስም ከየት የመጣ ነው? ስንት ሰው አለው? ብቀይረውስ ጥፋት ነው? ቅጹ ግማሹ ተሞልቶ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጧል። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ር. ነኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ውድ ር.፣

ኩባያውን ባለመግዛትሽ ደግ አድርገሻል። ያ አንበሳ የማንም አንበሳ ነው። አውሮፓ ውስጥ አርማ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ስሙም አብሮ ይወርዳል። እኛ ጋ ስሙ ራሱ አይወርድ! ታዲያ አንበሳውን ማን ላይ ሊለጥፉት ነው?

አሁን ስሙን እስቲ እንደ አዲስ ስሚው። መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ሳይሆን፣ ሰው ሲናገረው። ‹ያድግልኛል› እርግጠኛ የሆነ ሰው የሚለው ነው። ‹ያድግልኝ› ካልን ልመና ነው። ‹ቢያድግልኝ› ግን ከልመናም ያነሰ ድምፅ ነው። የተናገረችው ሴት ልመናውን ደፍራ አልጨረሰችውም። (ሴት ናት ብዬ የገመትኩት እኔ ነኝ፤ አባትየውም ሊሆን ይችላል።) ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ወይ ከፊቱ አንድ ቃል ቀርቷል፦ ምናለ ቢያድግልኝ። ወይ ከኋላው ስለት ቀርቷል፦ ቢያድግልኝ ለማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ። መጨረሻው ላይ ያለችው ‹ልኝ› ደግሞ የሕፃኑ አይደለችም፣ የተናጋሪዋ ናት። እና አንቺ በየቀኑ ባጅሽ ላይ አንጠልጥለሽ የምትሄጂው የቅድመ አያትሽን ንግግር ነው፤ ያውም በግማሹ የተቋረጠ።

እንዲህ ያለ ስም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሞት በገባበት ቤት ነው። ከዚህኛው ልጅ በፊት የተቀበረ ሌላ ልጅ ሲኖር። ዘመዶቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ የሥጋ ዘመዶቹን ሳይሆን የስም ዘመዶቹን ማለቴ ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፤ ለጠፋው ልጅ ምትክ የመጡ ናቸው። ማስረሻ ሐዘኑን ሊያስረሳ የመጣ ነው። ሞትባይኖር የሚባል ስምም አለ፤ እሱን እንኳ ማፍታታት አያስፈልግም። በ‹ቢ› የሚጀምሩትም ብዙ ናቸው፦ ቢሆነኝ፣ ቢሻው፣ ቢራራ፣ ቢተው። ማን ምኑን ቢተው ስሙ አይነግርሽም፤ የሚያውቁት ያን ዕለት እዚያ ቤት የነበሩት ብቻ ናቸው። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ እነዚህን ስሞች ብትጠሪ ዘወር የሚል ሰው አታጪም።

ያኔ ልጅ አልበረክት ያላት እናት ያላደረገችው ነገር የለም። ወንዱን ልጅ እንደ ሴት የምታለብስ ነበረች። ክፉ ዓይን ንቆ እንዲያልፈው የንቀት ስም የምታወጣለት ነበረች። ቅድመ አያትሽ ልጇን በስሙ አልሰደበችውም። ፈራችለት እንጂ። ፍርሃቷንም ደብቃ አላስቀረችም፤ ስም አድርጋ አወጣችው። ልጁ በተጠራ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ የሷን ጭንቀት ይደግምላታል። እኔ ይሄ ነገር ይገርመኛል። አማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ስለ ባለቤቱ አይናገርም፤ ያወጣለትን ሰው ነው የሚያናግረው። ወንድምአገኘሁን አስቢው። ያ ስም የሕፃኑ ነው ወይስ ከሱ በፊት ብቻዋን ለነበረችው እህቱ?

በነገራችን ላይ፣ ለነዚያ የክፍልሽ ልጆች መልስ አለሽ። ‹አላደገም እንዴ?› ሲሉሽ ዝም ብለሽ ነበር መሰለኝ። አድጓል እኮ! አደገ፣ አገባ፣ አባትሽን ወለደ።

ስንት ሰው አለው ላልሽው፣ እዚህ ላይ የኢንተርኔቱ ገጽ ተሳስቷል ከማለት ጥያቄው ራሱ ለኛ አልተሰፋም ብል ይሻላል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ ቢያንስ 100 ሰው የያዛቸውን ላስት ኔሞች ዝርዝር አውጥቶ ነበር። 162,253 ስሞች ናቸው። አናቱ ላይ ስሚዝ ተቀምጧል፣ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ባለቤት ይዞ። ከኛዎቹ እንደ ተስፋዬና በቀለ ያሉት ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። የቢያድግልኝ ዓይነቱ ግን ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛ በቁጥር ጥቂት ነው። ሁለተኛ በእንግሊዝኛ ሆሄ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ለኮምፒውተሩ የአንቺ ቢያድግልኝና የወንድምሽ ቢያድግልኝ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ባንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ከተበተነ መቶ የሚሞላው መቼ ነው?

አገር ቤት ደግሞ ቆጠራው ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች የአያታቸው ስም ቢያድግልኝ ስለሆነ ዘመድ አይሆኑም። ስሙ የአንድ ሰው መጠሪያ ነው፣ የቤት ስም አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ሊያስገባ ሞክሮ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ እስከ ዛሬ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያልን እንሄዳለን።

ብርቅ እየሆነ መምጣቱ ግን እውነት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሕፃኑን ቢያድግልኝ ብሎ የሚሰይም ሰው ፈልገሽ ስታገኚ ንገሪኝ። ናሆም፣ ያፌት፣ ሶልያና ነው ዘመኑ። ፋሽን ነው ብለን እናልፈው ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 ቁጥሩ 59 ደርሷል። አያትሽ የተወለዱት ከመጀመሪያው ጥናት ከስንት አሠርት ዓመታት በፊት ነው! ክትባት የለ፣ ጤና ጣቢያ የለ። ዛሬ የምትወልድ እናት ‹ቢያድግልኝ› ማለት ያቆመችው ስሙ ስላስጠላት ብቻ አይመስለኝም። ፍርሃቱ ቀሎላታል። አንዳንድ ስም ሲጠፋ ደስ ሊለን ይገባል።

እንግዲህ ወደ አባትሽ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አገር ቤት ብትኖሪ ይህ ስም ከአንቺ በኋላ በራሱ ጊዜ ይቀር ነበር። ልጆችሽ በባልሽ ስም ይጠራሉ፤ አያታቸውም የባልሽ አባት ይሆናሉ። ስም እኛ ጋ ሦስት ፎቅ ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘር ሲቆጠር፣ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚነሣው። ስሙን እዚህ ላይ አቁሞ ‹ከዛሬ ጀምሮ ይኼ የቤታችሁ ስም ነው› ያለው የኤምባሲ ቅጽ ነው። አባትሽ በልጅነቱ ‹የአባቴን ስም እስከ ዘላለም ማውረድ አለብኝ› ብሎ አልማለም። በዚህ ሒሳብ ከሄድን፣ ብትቀይሪው ባህል አልጣስሽም። ይህን በግልጽ ልንገርሽ፤ ጥፋት ነው ወይ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ። ጥፋት አይደለም።

ታዲያ አባትሽ ለምን ስኒውን አስቀመጠ?

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር አለች፣ አልፈሻት የሄድሽ። ‹‹አባቴ ልጅ እያለ ነው የሞተው።›› አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ከአባቱ የሚቀረው ምንድን ነው? ምናልባት ፎቶ የለም። ምናልባት ድምፁን አያስታውሰውም። አባትሽ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሥራ ሲቀጠር፣ ፓስፖርት ሲያወጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው አንድ ስም ብቻ ነበር። ያ ስም ለአንቺ ላስት ኔም ነው፤ ለሱ አባቱ ነው። የአሜሪካ ወረቀቱንም እስቲ ተመልከቺ። የሱ ላስት ኔም የሱ አያት ስም ከሆነ፣ ቢያድግልኝ እሱ ላይ መሐል ገብቶ ‹ቢ.› ተብሎ አጥሮ ይሆናል። ሙሉውን ይዛችሁ የቀራችሁ አንቺና ወንድምሽ ናችሁ። ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ግን ‹‹ጣልሽው›› ያለው ስሙን ብቻ አልመሰለኝም።

እናትሽ ይበርድለታል ትልሻለች። ይበርድለት ይሆናል። የበረደ ነገር ሁሉ ግን ተፈታ ማለት አይደለም፤ እናንተ ቤት ስለ አያት ላለማውራት ቀድሞም በቂ ዝምታ ነበር። ወንድምሽም እውነቱን ነው፣ በሕግ ማንም አያገባውም። ግን የሱም ላስት ኔም እኮ ነው። ከአንቺ ጋር የሚጋራው ስም ሲቀየር ምን እንደሚሰማው ጠይቀሽዋል?

አሁን ደግሞ የአንቺን ወገን ልያዝ፤ የአባትሽን ብቻ ካወራሁ ትክክል አይሆንም። ሳልጠራ እነሣለሁ ያልሽው አባባል ልቤን ነካኝ። ስምን በየቀኑ መዋጥ ቀላል ነገር አይደለም። ‹ኩሪበት እንጂ!› ብዬ ልቆጣሽ አልፈልግም፤ ኩራት በትእዛዝ አይመጣም። ይልቅ አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ። የሚያምሽ ስሙ ነው፣ ወይስ የክፍሉ ሳቅና የነርሷ ዝምታ? ስሙ ከሆነ መቀየሩ ያሳርፍሻል። ሳቁ ከሆነ ግን ወረቀት ብትቀይሪም ተከትሎሽ ሊመጣ ይችላል።

እስራኤል የሄዱትን ወገኖቻችንን አስብ ነበር ደብዳቤሽን ሳነብ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ የገቡት ብዙዎቹ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ተቀባዩ ቢሮ ለአፉ የሚመቸውን ሰጠ። ከልጆቹ መካከል ካደጉ በኋላ ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ። ያ ነገር ካንቺ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አንቺን ማንም አላስገደደሽም፤ የመረጥሽውም የገዛ አባትሽን ስም ነው። ግን ‹ለማን አፍ እንዲመች ነው የምቀይረው?› የሚለው ጥያቄ ለአንቺም ይሠራል። መልሱ ‹ለኔ› ከሆነ ቀጥዪ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ስም ልቀይር ብለሽ ብትሞዪ፣ ለውጡ የሚጸድቀው ቃለ መሐላውን ዳኛ ፊት፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ስትፈጽሚ ነው። ሥነ ሥርዓቱን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያካሂደው ከሆነ ስም መቀየር አይችልም፤ ለየብቻ ወደ ግዛትሽ ፍርድ ቤት መሄድ ይኖርብሻል። ስለዚህ በአካባቢሽ የትኛው እንደሚደረግ ቀድመሽ አጣሪ። ቃለ መጠይቁ ላይም ስለ ስሙ ስለሚነሣ፣ ቅጹን በላክሽ ማግስት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ከተቀየረ በኋላ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ባንክ፣ የሙያ ፈቃድሽ፣ የትምህርት ቤት መዝገብሽ፣ ሁሉንም እየዞርሽ ማስተካከል አለ። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ማኅተም ያለበት ቅጂ በርከት አድርገሽ ያዢ።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። አሜሪካዊ ከሆንሽ በኋላ አገር ቤት ገብተሽ መሥራት ወይም መኖር ብትፈልጊ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ይጠቅምሻል። ያኔ የድሮ ፓስፖርትሽና አዲሱ ስምሽ ካልተመሳሰሉ የምታስረጂበት ሰነድ ትጠየቂያለሽ። ውርስ ላይም እንዲሁ ነው። የድሮውን ፓስፖርት የትም እንዳትጥዪው።

ከምርጫዎቹ ውስጥ ልቤ የሄደበትን ልንገርሽ። በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ‹ቢያድ› ልበለው የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ አልወደውም። ግሡ አንገቱ ላይ ተቆርጦ፣ ‹ልኝ›ዋ ወጥታ፣ ምን ቀረ? ከዚያስ ጨርሶ መቀየር ይሻላል። የአባትሽን ስም ላስት ኔም አድርገሽ ቢያድግልኝን መሐል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ለኛ ጆሮ የተገለበጠ ነው፣ አያት ከአባት ይቀድማል። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አሉ፣ አባትሽም የትም አልሄደም ልትዪው ትችያለሽ። ሦስተኛው መንገድ ስሙን ትቶ ሆሄውን ማስተካከል ነው። ከወንድምሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ የተሻለውን፣ አጭሩን። ዳኛው ፊት የምትቀይሪው አጻጻፉን ብቻ ይሆናል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ግን ባጁን የምታንጠለጥዪው አንቺ ነሽ።

ለሥራ ባልደረቦችሽ ደግሞ በሦስት ቁረጪላቸው፦ ቢያ፣ ድግ፣ ልኝ። ‹ኝ› አይወጣልንም ካሉሽ ላዛኛ እንዴት እንደሚሉ ጠይቂያቸው። ላዛኛ ያለ ፈረንጅ ‹ኝ› አቃተኝ ቢል አልቀበለውም። አንድ ሳምንት ሞክሪው፣ ሳራን አሳርፊያት። ካልሆነ ካልሆነ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቅጹን እንዳለ ተዪውና ደብረ ማርቆስ ደውዪ። ለስም ብለሽ ስትደውዪ ለአባትሽ ንገሪው፤ ከጀርባው እንዳይመስለው። ‹‹አባዬ፣ የስሙን ነገር ገና አልወሰንኩም። መጀመሪያ ስለ አያቴ መስማት እፈልጋለሁ። እማማ ጋ ልደውል ነው፣ አብረኸኝ ትቀመጣለህ?›› በዪው። ይህን ልቡን ለማለስለስ ብለሽ ብቻ አታድርጊው፤ ያውቅብሻል። እውነት መስማት ከፈለግሽ ብቻ። እምቢ ካለ አትጫኚው። በሩን ገርበብ አድርጊና ድምፁን ከፍ አድርገሽ አውሪ።

እማማን በቀጥታ ‹ስሙ ለምን ወጣ?› ብለሽ አትጀምሪ። ትልቅ ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ‹ምን አውቄ ልጄ› ይላል። ጤናቸውን ጠይቂ፣ ዝናቡን ጠይቂ። ከዚያ ስለ ወንድማቸው ልጅነት፤ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ይመስል ነበር፣ አባቴስ እሱን ይመስላል? የክርስትና ስሙን ጠይቂ፤ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የወጣለት ሌላ ስም አለ፣ ምናልባት አባትሽም አያውቀው ይሆናል። እናታቸው ማን ትባል ነበር? ያቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር የተናገረችውን ሴት ስሟን እንኳ አታውቂም እኮ። ጨዋታው ሲሞቅ፣ እሳቸው ራሳቸው ካነሡት ወይም ልባቸው ክፍት ከመሰለሽ፣ ቀስ ብለሽ ‹‹ከሱ በፊት የተወለዱ ነበሩ?›› በያቸው። ዝም ካሉ አብረሽ ዝም በዪ፣ ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ድምፃቸውን ቅጂው።

እዚያና እናንተ ጋ ሰባት፣ በክረምታችሁ ስምንት ሰዓት ነው ልዩነቱ። ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ቡናሽን ስትይዢ እሳቸው ጋ ከሰዓት ይሆናል፤ እሳቸውም ቡና ላይ ናቸው። ያኔ ደውዪ። ምን እንዳሉሽም ጻፊልኝ።